የታዳጊ እግር ኳስ ተጫዋቾችን የሰውነት ልኬት ከአካል ብቃት ጋር ማዛመድ፦ ለአሰልጣኞችና ለስፖርት መምህራን

ታዳጊ የሚያሠለጥን ሰው ብዙውን ጊዜ ቁመትና ክብደት ይመዘግባል፣ ልጆቹን ያስሮጣል፣ ከዚያም «ረጅሞቹ ፈጣን ናቸው» ወይም «ከባዶቹ አይበረቱም» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው የሚሳሳተው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ምክንያት ነው፤ ዕድሜው በትክክል አልተሰላም፣ ልኬቱ በየጊዜው በተለያየ መንገድ ተወስዷል፣ የ13 ዓመቱ ልጅና የ16 ዓመቱ ልጅ በአንድ ዝርዝር ውስጥ ተደባልቀዋል። ይህ መመሪያ ከ12 እስከ 17 ዓመት ያሉ ተጫዋቾችን በባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ሁኔታ እንዴት መለካት፣ መፈተንና ውጤቱን ማንበብ እንደሚቻል በቅደም ተከተል ያሳያል። ቅደም ተከተሉን አይዝለሉ፤ በተለይ ደረጃ 2ን የዘለለ ሰው ቀሪውን ሥራ ሁሉ በከንቱ ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ጊዜውን፣ ቦታውንና ፈቃዱን ማዘጋጀት

ወቅቱን ይምረጡ። ከሰኔ እስከ መስከረም ሜዳው ጭቃ ስለሚሆን የሩጫ ሰዓት አይታመንም፤ ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት ደግሞ ሙቀቱ የጽናት ፈተናን ያዛባል፣ የዐቢይ ጾም አብዛኛው ክፍልም በዚሁ ጊዜ ውስጥ ይውላል። ለባሕር ዳር የሚመቸው ከጥቅምት መጀመሪያ እስከ ኅዳር 14 ያለው ጊዜ ነው፣ ምክንያቱም ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ይገባል፤ ጾም የሚይዝ ልጅ ባዶ ሆዱን 30 ሜትር ቢሮጥ የሚለካው ፍጥነቱ ሳይሆን ረሀቡ ነው። ከዚህ ወቅት ውጭ ለመፈተን የግድ ከሆነ ሁለተኛውንም ዙር በተመሳሳይ ሁኔታ ያካሂዱት።

ሰዓቱ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል ይሁን። ሰው ከጠዋት እስከ ማታ ባለው ጊዜ ቁመቱ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚቀንስ የመጀመሪያውን ልኬት ጠዋት፣ ሁለተኛውን ማታ የወሰደ አሰልጣኝ ልጁ «አጠረ» ብሎ ይገረማል። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስም የአጭር ርቀት ሩጫን ያፋጥናል ወይም ያዘገያል።

ልጆቹ ከፈተናው ቢያንስ 2 ሰዓት ቀደም ብለው ቀለል ያለ ቁርስ እንዲበሉና ውሃ እንዲጠጡ፣ በዋዜማው ከባድ ልምምድ እንዳይሠሩ አስቀድመው ያሳውቁ። የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። ሴት ተጫዋቾችን ሴት ባለሙያ ትለካቸው፤ ክብደትንና የስብ መጠንን በጓደኞች ፊት ጮክ ብሎ ማንበብ ፈጽሞ አይፈቀድም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ የብረት ሜትር፣ ዲጂታል ሚዛን፣ ውሃ ልክ፣ ቱምቢ፣ ጠመኔ፣ ኮን፣ ፊሽካ፣ ሁለት በእጅ የሚያዝ የሩጫ ሰዓት (ስቶፕዋች) ወይም በሰከንድ 60 ምስል የሚቀርጽ ስልክ፣ ድምፅ ማጉያ፣ የምዝገባ ቅጽ። የልብስ ሰፊ ሜትር በአገልግሎት ብዛት ስለሚለጠጥ ለቁመት አይጠቀሙበት።

ማስጠንቀቂያ፦ በባሕር ዳር አካባቢ ወባና ቢልሃርዝያ አሉ። ባለፉት ሳምንታት ወባ የታመመ፣ የሚያስታውከው፣ ሲሮጥ ደረቱን የሚያመው ወይም ራሱን ስቶ የሚያውቅ ልጅ በጤና ባለሙያ ሳይታይ አይፈተን። ልኬቱን መውሰድ ይቻላል፤ ሩጫው ግን ይቆየው።

ደረጃ 2፦ ዕድሜን በአሥርዮሽ ማስላት

«15 ዓመቱ ነው» የሚለው መረጃ ለዚህ ሥራ አይበቃም። ዛሬ 15 የሞላውና ነገ 16 የሚሞላው ሁለቱም «15» ይባላሉ፤ በመካከላቸው ግን የአንድ ዓመት እድገት አለ፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ አንድ ዓመት ብዙ ነው።

የእኛ የዘመን አቆጣጠር ወሮቹ 30 ቀን በመሆናቸው ስሌቱን ያቀልልናል።

1. የወሩን ተራ ቁጥር ይውሰዱ፣ 1 ይቀንሱ፣ በ30 ያባዙ፣ ቀኑን ይደምሩ። መስከረም 1ኛ ወር ነው።
2. ይህን ለልደት ቀንም ለልኬት ቀንም ያድርጉ።
3. ከልኬቱ ዓመት የልደቱን ዓመት ይቀንሱ፤ ከዚያም የቀኖቹን ልዩነት በ365 አካፍለው ይደምሩበት፣ ልዩነቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ይቀንሱበት።

ምሳሌ፦ ልጁ የተወለደው ታኅሣሥ 15 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ የተለካው ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። ታኅሣሥ 15 የዓመቱ 105ኛ ቀን፣ ኅዳር 5 ደግሞ 65ኛ ቀን ነው። 2018 ሲቀነስ 2003፣ 15 ይሆናል፤ 65 ሲቀነስ 105 ከዜሮ በታች 40፣ በ365 ሲካፈል ከዜሮ በታች 0.11 ነው። ስለዚህ ዕድሜው 14.89 ነው።

መረጃው ሲያስቸግር

የልደት ወረቀቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ መጀመሪያ ወደ እኛ ይለውጡት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ሁልጊዜ 8 በመቀነሱ ነው፤ ከመስከረም መግቢያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ የተወለደ ልጅ የሚቀነስለት 7 ነው። በኖቬምበር 2010 የተወለደ ልጅ ኅዳር ገደማ 2003 ዓ.ም. እንጂ 2002 አይደለም፤ ስሕተቱ ልጁን በአንድ ዓመት ያስረጀዋል።

ቀኑ የማይታወቅ ከሆነ እናቱን ይጠይቁ። «ለመስቀል ነው ወይስ ለጥምቀት፣ ወይስ በፍልሰታ?» የሚለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ከወረቀቱ የተሻለ መልስ ያመጣል። የሙስሊም በዓላት በየዓመቱ ስለሚዞሩ ለሙስሊም ቤተሰብ በበዓሉ ፋንታ ስለ ወቅቱ ይጠይቁ፤ አጨዳ ነበር፣ ክረምት ነበር፣ ትምህርት ተከፍቶ ነበር? ለውድድር የተመዘገበው ዕድሜና እናት የምትናገረው ሲለያዩ ለዚህ ሥራ የእናትን ይያዙ፤ በቅጹም ላይ «ግምት» ብለው ምልክት ያድርጉ። ቅጹ ለእርስዎ ሥልጠና እንጂ ለክስ የሚያገለግል አለመሆኑን ለቤተሰቡ በግልጽ ይንገሩ፣ ካልሆነ እውነቱን የሚነግርዎት አያገኙም።

ደረጃ 3፦ ቁመት፣ የቁጭታ ቁመትና ክብደት

ዞኮሎ የሌለው ግድግዳ ይፈልጉ። የብረት ሜትሩን ከወለሉ ጀምሮ ይለጥፉ፤ ቀጥ ማለቱን በቱምቢ፣ ወለሉ አለመዝመሙን በውሃ ልክ ያረጋግጡ።

1. ልጁ ጫማና ካልሲ ያውልቅ። ታኬታ አድርጎ የሚለካ ልጅ ጥርሱን ጨምሮ ይለካል።
2. ተረከዝ፣ መቀመጫና የላይኛው ጀርባ ግድግዳውን ይንኩ፤ እግሮቹ ይገጠሙ።
3. የዓይኑ የታችኛው ጠርዝና የጆሮው ቀዳዳ በአንድ አግድም መስመር ላይ እስኪሆኑ ጭንቅላቱን ያስተካክሉ። አገጩን ወደ ላይ የሚያነሣ ልጅ የረዘመ ይመስለዋል፤ ልኬቱ ግን ይበላሻል።
4. በረጅሙ አየር እንዲስብ ያድርጉ፤ ጠፍጣፋ ጣውላ ወይም ደብተር በማዕዘን ከግድግዳው ጋር አስደግፈው ፀጉሩን ጫን ያድርጉ።
5. እስከ 0.1 ሴንቲ ሜትር ያንብቡ። ልጁን ከቦታው አስወጥተው ድጋሚ ይለኩ።

ሁለቱ ንባቦች ከ0.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ ይለኩና መካከለኛውን ይያዙ። ሹሩባ ወይም ከፍ ያለ ፀጉር ካለ በጣት ከፍለው ጣውላውን የራስ ቆዳ ላይ ያሳርፉ።

የቁጭታ ቁመትን ለመውሰድ ልጁን ቁመቱ በሚታወቅ ሣጥን ላይ ጀርባውን ግድግዳ አስነክተው ያስቀምጡና ከወለል እስከ አናት ካለው ርቀት የሣጥኑን ቁመት ይቀንሱ። ይህን ከሙሉ ቁመት ሲቀንሱ የእግር ርዝመት ይገኛል። በመመንደግ ላይ ያለ ልጅ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ እግሩ ይረዝማል፣ ግንዱ በኋላ ይከተላል፤ ስለዚህ የእግሩ ርዝመት ብቻውን በድንገት ሲጨምር ካዩ ልጁ ወደ ፈጣን እድገት እየገባ ነው ማለት ነው።

ሚዛኑን በሣር ላይ ሳይሆን በሲሚንቶ ወለል ላይ ያኑሩ። ውሃ የተሞላና የተከደነ አንድ ጀሪካን በሥራው መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይመዝኑ፤ ንባቡ ከተለዋወጠ በመካከሉ የወሰዱትን ክብደት ሁሉ ይድገሙ። ልጆቹ በቁምጣና በቀላል ማሊያ፣ ከሽንት ቤት መልስ ይመዘኑ።

የሰውነት ክብደት ጠቋሚ የሚገኘው ክብደትን በኪሎ ግራም፣ በሜትር በተለካ ቁመት ካሬ በማካፈል ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን 1.65 ሜትር ልጅ 22.0 ይሆናል። ለአዋቂ የተቀመጡትን 18.5 እና 25 ወሰኖች ለታዳጊ አይጠቀሙ፦ ጠቋሚው 17 የሆነ የ13 ዓመት ልጅ በአዋቂ ወሰን «ከሲታ» ይባላል፣ በዕድሜው ግን ጤነኛ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 19 ዓመት ላሉ በ2007 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የዕድሜ ሠንጠረዥ ይጠቀሙ። ጠቋሚው ጡንቻንና ስብን እንደማይለይም አይርሱ።

ደረጃ 4፦ የቆዳ እጥፋት፣ ካሊፐር ካለዎት ብቻ

ካሊፐር፣ ማለትም የቆዳ እጥፋትን ውፍረት የሚለካ መቆንጠጫ፣ ከሌለ ይህን ደረጃ ይለፉት፤ በዓይን መገመት ከመገመት አይዘልም። ካለ በቀኝ በኩል ሁለት ቦታ ይበቃል፦ በክንድ ጀርባ ከትከሻ ጫፍ እስከ ክርን ባለው መካከል፣ እንዲሁም ልጁ እግሩን ሣጥን ላይ አድርጎ ጉልበቱ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ በባት ውስጠኛ በኩል በጣም በሚወፍርበት ቦታ። ቆዳውን በጣት ያንሡ፣ ካሊፐሩን ከጣትዎ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ አድርገው ያስገቡ፣ ከ2 ሰከንድ በኋላ ያንብቡ። የሁለቱን ንባብ ድምር በሚሊ ሜትር ይያዙ። ለወንዶች ድምሩን በ0.735 አባዝቶ 1 በመደመር፣ ለሴቶች በ0.610 አባዝቶ 5.1 በመደመር የስብ መቶኛ ይገመታል፤ ሆኖም ለማዛመድ ሥራ ጥሬው ድምር ይሻላል፣ ግምት ላይ ግምት አይደረብምና።

ማስጠንቀቂያ፦ በዚህ ቁጥር ተነሥቶ ለማንም ታዳጊ «ቀንስ» አይበሉ። እያደገ ያለ ልጅ ምግብ ሲቀንስ የሚጎዳው እድገቱና አጥንቱ ነው።

ደረጃ 5፦ የብቃት ፈተናዎች

ቅደም ተከተሉ ቋሚ ነው፦ ማሟሟቂያ 10 ደቂቃ፣ ዝላይ፣ አጭር ሩጫ፣ ቅልጥፍና፣ በመጨረሻ ጽናት። ጽናትን ያስቀደመ ሰው ቀሪዎቹን በደከመ እግር ይለካል።

ዝላይ። ልጁ ጣቱን ጠመኔ ቀብቶ ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ክንዱን ዘርግቶ ምልክት ያድርግ፤ ከዚያ ሳይንደረደር ዘሎ ሁለተኛ ምልክት ያድርግ። ልዩነቱን ይለኩ፣ ከሦስት ሙከራ ትልቁን ይያዙ። በመጀመሪያው ምልክት ላይ ክንዱን ሙሉ በሙሉ ያልዘረጋ ልጅ ውጤቱን ያሳድጋል፤ ተረከዙ መሬት ላይ፣ ትከሻው ወደ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

30 ሜትር። ርቀቱን በብረት ሜትር ይለኩ፤ በእርምጃ አይለኩ። ልጁ ከመነሻው መስመር 50 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ቆሞ በራሱ ጊዜ ይነሣ። በእጅ ሰዓት ከያዙ ሁለት ሰዎች ይያዙና አማካዩን ይውሰዱ፤ የጣት መዘግየት ስላለ በሁለት ልጆች መካከል ያለ የ0.1 ሰከንድ ልዩነት ትርጉም የለውም። በሰከንድ 60 ምስል የሚቀርጽ ስልክ ከመድረሻው መስመር ትይዩ ቢቆም ምስሉን አንድ በአንድ እየቆጠሩ ወደ 0.02 ሰከንድ የሚጠጋ ትክክለኛነት ያገኛሉ። ሦስት ሙከራ፣ በመካከሉ 3 ደቂቃ ዕረፍት። በሣር የተጀመረ በአቧራ ሜዳ አይደገም።

ቅልጥፍና። ርዝመቱ 10 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነውን፣ በኮኖች መካከል እየተጠማዘዙ የሚሮጡበትን የኢሊኖይ ፈተና ይጠቀሙ። ኮን የነካ ልጅ ይድገም።

ጽናት። በ20 ሜትር በተራራቁ ሁለት መስመሮች መካከል በድምፅ ምልክት እየተመላለሱ የሚሮጡበት የ20 ሜትር ምልልስ ፈተና በሰዓት 8.5 ኪሎ ሜትር ይጀምራል፣ በየደቂቃው 0.5 ይጨምራል። ከስልክ የሚያጫውቱት ድምፅ ትክክል መሆኑን አስቀድመው ይፈትሹ፦ በመጀመሪያው እርከን በሁለት ድምፆች መካከል 8.47 ሰከንድ መኖር አለበት፣ ካልሆነ ቅጂው የተበላሸ ነው። በተከታታይ ሁለት ጊዜ መስመሩ ላይ በድምፁ ያልደረሰ ልጅ ይወጣል። ዮዮ የሚባለው ፈተና በየምልልሱ መካከል የ10 ሰከንድ ዕረፍት ያለው ሌላ ፈተና ስለሆነ የሁለቱን ውጤት በአንድ ዓምድ አይጻፉ።

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች በመሆኗ በዝቅተኛ ቦታ ከተዘጋጁ የጽናት ሠንጠረዦች ጋር ሲነጻጸሩ ልጆችዎ ደከም ያሉ ሊመስሉ ይችላሉ። የራስዎን ልጆች ከራስዎ ልጆች ጋር ያነጻጽሩ።

ቢልሃርዝያ የሚይዘው ከሐይቁ ውሃ ስለሆነ ከፈተናው በኋላ ልጆቹ ወደ ሐይቁ ሮጠው ገብተው እንዳይታጠቡ ይከልክሉ። በዝላይና በሩጫ ደህና ሆኖ በጽናት ብቻ ከእኩዮቹ እጅግ ወደ ኋላ የቀረ ልጅ ካለ፣ በተለይ ሐይቅ የሚዋኝ ከሆነ፣ ልምምድ ከመጨመርዎ በፊት ለደምና ለሰገራ ምርመራ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩት፤ የደም ማነስ ያለበት ልጅ በፊሽካ አይሻሻልም።

ደረጃ 6፦ የእድገት ደረጃን ማስላት

ቁመት በጣም በፍጥነት የሚጨምርበት ጊዜ ለወንዶች በአማካይ በ14 ዓመት፣ ለሴቶች በ12 ዓመት አካባቢ ነው። ልጁ ከዚህ ጫፍ ምን ያህል እንደራቀ በ2015 እ.ኤ.አ. በቀረበው ቀላል ቀመር ይገመታል።

ለወንድ፦ ዕድሜን በቁመት በሴንቲ ሜትር ያባዙ፣ ውጤቱን በ0.0036124 ያባዙ፣ 8 ይቀንሱ።
ለሴት፦ በ0.0042232 ያባዙ፣ 7.709 ይቀንሱ።

የ14.89 ዓመቱ ልጃችን ቁመቱ 160.0 ሴንቲ ሜትር ቢሆን 2382.4 በ0.0036124 ሲባዛ 8.61፣ 8 ሲቀነስ 0.61 ይሆናል፤ ጫፉን ካለፈ 7 ወር ገደማ ሆኖታል። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ ጫፉ ገና አልመጣም። ቀመሩ የተሠራው በካናዳ ልጆች መረጃ ላይ ነው፣ እስከ አንድ ዓመትም ሊስት ይችላል፤ ስለዚህ በሦስት ሰፊ ምድብ ብቻ ይጠቀሙበት፦ ከዜሮ በታች 1 ያልደረሱ ማለትም ገና የሚቀራቸው፣ ከዜሮ በታች 1 እስከ ከዜሮ በላይ 1 ያሉ፣ ከ1 በላይ ያለፉ።

ደረጃ 7፦ ማዛመድ

በዚህ ቦታ የሚበዛው ስሕተት የምልክት ስሕተት ነው። በዝላይ ትልቅ ቁጥር ጥሩ ነው፣ በሩጫ ግን ትንሽ ቁጥር ጥሩ ነው፤ ጥሬውን ቁጥር ያዛመደ ሰው «ቁመት ከፍጥነት ጋር በተቃራኒ ይሄዳል» ብሎ ይጽፋል፣ ሰንጠረዡ የሚለው ግን ረጅሞቹ በአጭር ሰዓት ደረሱ ነው። መፍትሔው ደረጃ መስጠት ነው።

1. ልጆቹን በልኬቱ ከትልቁ ጀምረው 1፣ 2፣ 3 እያሉ ደረጃ ይስጡ።
2. በፈተናው ከተሻለው ጀምረው ደረጃ ይስጡ፤ በሩጫ አጭር ሰዓት ያለው 1ኛ ነው። እኩል የወጡ አማካዩን ደረጃ ይካፈሉ።
3. የሁለቱን ደረጃ ልዩነት በራሱ ያባዙ፣ የሁሉንም ይደምሩ።
4. ድምሩን በ6 ያባዙ። የልጆቹን ብዛት በራሱ አባዝተው 1 ይቀንሱ፣ ውጤቱን እንደገና በልጆቹ ብዛት ያባዙ። የመጀመሪያውን በሁለተኛው ያካፍሉ፣ ከ1 ይቀንሱ።

ለመለማመጃ፦ የአምስት ልጆች የቁመት ደረጃ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ የሩጫ ደረጃቸው 2፣ 1፣ 3፣ 5፣ 4 ቢሆን የልዩነቶቹ ካሬ ድምር 4 ነው። 24 ለ120 ሲካፈል 0.20፣ ከ1 ሲቀነስ 0.80። ትልቅ ይመስላል፤ በአምስት ልጅ ግን 0.80 እንኳ በአጋጣሚ ሊመጣ ይችላል። በ20 ልጅ ከ0.45፣ በ30 ልጅ ከ0.36 በታች የሆነን ቁጥር እንደ ተዛምዶ አይቁጠሩ።

አሁን ዋናውን ሥራ ይሥሩ፦ ስሌቱን መጀመሪያ በሁሉም ልጆች፣ ከዚያ በየእድገት ምድቡ ለየብቻ ይድገሙት። በሁሉም ላይ ቁመትና ፍጥነት በጥብቅ ተዛምደው በየምድቡ ሲለዩ ተዛምዶው ከጠፋ፣ ያገኙት ቁመት ፈጣን እንደሚያደርግ አይደለም፤ ቀድመው የጎለመሱት ልጆች ረጅምም ፈጣንም መሆናቸውን ነው። በአንድ ምድብ ያሉት ጥቂት ከሆኑ አጎራባች ቡድን ጋር ተነጋግረው በተመሳሳይ መንገድ የተለካ መረጃ ያጣምሩ፣ ወይም ድምዳሜውን ይተዉት።

ደረጃ 8፦ ውጤቱን ማንበብ

ጡንቻ ያለው ክብደት ዝላይንና አጭር ሩጫን ያግዛል፤ የቆዳ እጥፋት ድምር ሲጨምር ደግሞ ዝላይ፣ ሩጫና ጽናት ሦስቱም ዝቅ ማለት የተለመደ ነው። ሆኖም እኩል የዘለሉ እኩል አልሠሩም፦ 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ 35 ሴንቲ ሜትር ሲዘል 206 ጁል፣ 40 ኪሎ የሚመዝነው በዚያው ከፍታ 137 ጁል ሥራ ይሠራል። በግፊያ የሚበልጠው ለምን እንደሆነ ይህ ያስረዳል፣ ትንሹ ልጅ ግን ደካማ ነው አያሰኝም።

ቁመቱ እየተመነደገ ቅልጥፍናው የወረደ ልጅ ቢያዩ ሰነፈ አይበሉ፤ አዲሱን እግሩን ገና አልለመደውም። ለጥቂት ወራት የዝላይና የግጭት ልምምዱን ቀነስ፣ የሚዛንና የኳስ ቁጥጥሩን ጨመር ያድርጉለት። ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት ሲነካ የሚያመው ከሆነ ልምምዱን አቁመው ለባለሙያ ያሳዩት።

በምርጫ ወቅት አጭርና ገና ያልጎለመሰ ልጅን በሩጫ ሰዓቱ ብቻ አያስወጡ። ከራሱ የእድገት ምድብ ልጆች ጋር ያነጻጽሩት፤ በዚያ ውስጥ ከፊት ከሆነ ቢያንስ ሁለት ተጨማሪ ዙር ሳይለካ ስሙ ከዝርዝሩ አይሰረዝ።

ቁመትንና ክብደትን በየ3 ወሩ፣ የብቃት ፈተናዎችን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በዚያው ሰው፣ በዚያው ሜዳና ሰዓት ይድገሙ። በ3 ወር ውስጥ ቁመቱ 2 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የጨመረ ልጅ በፈጣን እድገት ላይ ነው፤ ቀመሩ ሌላ ቢል እንኳ የሜትሩን ንባብ ይመኑ። ቁመቱ ቀንሶ ከተገኘ ደግሞ የምዝገባ ስሕተት ነውና ሁለቱንም ንባቦች ሳይሰርዙ በማግስቱ ጠዋት እንደገና ይለኩት፣ አዲሱንም በአጠገቡ ይጻፉ።